ሦስት ዴሊጌት፣ አንድ ሴናተር፦ አናፖሊስ ያሉት 188 ሰዎች እነማን ናቸው፣ ማንስ ነው የሚመራቸው?

በ2022 ምርጫ ሰሞን ከኛ በላይ ፎቅ ላይ የሚኖሩ አንዲት እናት፣ እኔ እትዬ ነው የምላቸው፣ በፖስታ የመጣላቸውን የምርጫ ወረቀት ይዘው እኛ ቤት ወረዱ። ቡና ተፈልቶ አንደኛው እየተቀዳ ነው። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉና መነጽራቸውን ከፍ አድርገው "ልጄ፣ ይሄ እስከ ሦስት ምረጡ የሚለው ምንድነው? ለአንድ ወንበር ሦስት ሰው ይመረጣል እንዴ?" አሉኝ። ገቨርነሩን አጥቁረዋል፣ ሴናተሩንም አጥቁረዋል፣ "ሃውስ ኦፍ ዴሊጌትስ" የሚለው ጋር ሲደርሱ አንዷን ክብ ብቻ ሞልተው ሁለቱን ትተዋቸዋል። እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ስኖር ስንት ዓመቴ ነው፣ ግን እውነቱን ለመናገር ማስረዳት አቃተኝ፣ "ሦስቱንም ይሙሉ፣ ችግር የለውም" ብዬ አለፍኩ። በኋላ ግን ከነከነኝና ቁጭ ብዬ ነገሩን ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁትን እነሆ፣ ሜሪላንድ ላላችሁ በቀጥታ ይጠቅማችኋል፣ ሌላ ስቴት ያላችሁም ቁጥሩ ቢለያይ አሰራሩ ይቀራረባል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

ከሥሩ ልጀምር። ሜሪላንድ የራሷ ፓርላማ አላት፣ ጄኔራል አሴምብሊ ይባላል፣ የሚቀመጠው አናፖሊስ ነው። ብዙዎቻችን ከዲሲው ኮንግረስ ጋር እናምታታዋለን፣ አይፈረድብንም፣ ምክንያቱም እዚህም ሴናተር አለ እዛም ሴናተር አለ። ክሪስ ቫን ሆለንና አንጀላ ኦልሶብሩክስ የዲሲው ሴኔት ውስጥ ሜሪላንድን የሚወክሉ ናቸው፣ ኢሚግሬሽን፣ ግሪን ካርድ፣ የውጭ ጉዳይ ምናምን የነሱ ነው። የደሞዝ ወለል፣ የመንጃ ፈቃድ ሕግ፣ አከራይ ተከራይን እንዴት ያስወጣል የሚለው፣ ለልጆቻችን ትምህርት ቤት ስንት ብር ይመደባል የሚለው ደግሞ የአናፖሊስ ነው። ስለዚህ "ለሴናተሬ ጻፍኩ፣ እኔን አይመለከትም አሉኝ" ብላችሁ የምትናደዱ ሰዎች ምናልባት የተሳሳተው ሴናተር ጋር ሄዳችሁ ይሆናል።

አሴምብሊው ሁለት ምክር ቤት ነው፣ ሴኔትና ሃውስ ኦፍ ዴሊጌትስ። ሂሳቡ ቀላል ነው፦ ስቴቱ 47 ዲስትሪክት ይከፈላል፣ እያንዳንዱ ዲስትሪክት አንድ ሴናተርና ሦስት ዴሊጌት ይልካል፣ 47 ሴናተርና 141 ዴሊጌት፣ ድምር 188። በ2020 ቆጠራ የሜሪላንድ ሕዝብ ስድስት ሚሊዮን ከመቶ ሰባ ሺህ በላይ ስለነበረ ለአንድ ዲስትሪክት ወደ 130 ሺህ ሰው ይደርሰዋል። የእትዬ ጥያቄ መልስ እንግዲህ ይሄ ነው፣ ወንበሩ አንድ አይደለም፣ ሦስት ነው፣ ሦስቱም ዲስትሪክቱን በሙሉ ነው የሚወክሉት፣ ስለዚህ እስከ ሦስት ሰው ትመርጣለህ፣ አንድ ብቻ ብትመርጥም ድምጽህ አይበላሽም። ሁሉም ቦታ ግን እንደዚህ አይደለም። አንዳንዱ ዲስትሪክት ውስጡ ኤ፣ ቢ፣ ሲ እየተባለ ይሸነሸናል፣ እዛ ያለ ሰው ወረቀቱ ላይ የሚያየው አንድ ወይም ሁለት ዴሊጌት ነው። ሌላ ካውንቲ ያለ ዘመዳችሁ "እኔ ጋ አንድ ብቻ ምረጥ ነው የሚለው" ቢላችሁ አትከራከሩት፣ ልክ ሊሆን ይችላል።

ሁሉም በአንድ ቀን ነው የሚመረጡት፣ ለአራት ዓመት፣ ገቨርነሩ በሚመረጥበት ዓመት። በ2022 ነበር፣ ቀጥሎ በ2026 ነው። የዲሲው ሴኔት ሲሶ ሲሶ እየሆነ እንደሚመረጠው አይደለም፣ እዚህ 188ቱም ወንበር አንዴ ነው የሚከፈተው። ዴሊጌት ለመሆን 21 ዓመት፣ ሴናተር ለመሆን 25 ዓመት መሙላት አለብህ፣ ስቴቱ ውስጥ ቢያንስ አንድ ዓመት፣ ዲስትሪክቱ ውስጥ ደግሞ ስድስት ወር መኖር አለብህ። ዲግሪ አይጠየቅም። ሀበሻ እዚህ ዓይነት ወንበር ላይ አይቀመጥም የሚል ካለ ደግሞ ኔቫዳን ይመልከት፣ አሌክሳንደር አሰፋ ኢትዮጵያ ተወልዶ በ2018 የኔቫዳ ስቴት አሴምብሊ ውስጥ ተመርጦ ገብቷል።

ሥራው ሙሉ ቀን አይደለም፣ ቢያንስ በወረቀት ላይ። ሴሽኑ፣ ማለት የአሴምብሊው የስብሰባ ጊዜ፣ ጃንዋሪ ሁለተኛው ረቡዕ ይከፈትና 90 ቀን ቆይቶ ኤፕሪል ላይ ይዘጋል፣ ቅዳሜና እሁድም እየተቆጠረ ማለት ነው። ደሞዛቸው በዓመት ከሃምሳ ሺህ ዶላር ትንሽ ከፍ ያለ ነው፣ በዚህ አካባቢ ኪራይ ያንን ብቻ ይዞ ቤተሰብ ማስተዳደር እንዴት እንደሆነ የምታውቁት ነው፣ ስለዚህ ብዙዎቹ ሌላ ሥራ አላቸው፣ ጠበቃ አለ፣ አስተማሪ አለ፣ ቢዝነስ ያለው አለ። ጥሩ ጎኑ ኑሮ የሚያውቅ ሰው መግባቱ ነው ይላሉ። እኔ ግን ሁሌ የሚታየኝ ሌላው ጎኑ ነው፣ በሰዓት የሚከፈለው ሰው፣ ዌርሃውስ የሚሰራ ወይም ኡበር የሚነዳ፣ ለሦስት ወር "አናፖሊስ ሄጃለሁ" ብሎ መጥፋት አይችልም።

አንድ ሌላ የሚያምታታ ነገር አለ፣ ታኮማ ፓርክ። ታኮማ ፓርክ የምትኖሩ ዜጋ ባትሆኑም ለከተማው ካውንስል መምረጥ ትችላላችሁ፣ ከ1990ዎቹ ጀምሮ እንደዛ ነው፣ በዚህም ትታወቃለች። ግን ያ ለከተማዋ ምርጫ ብቻ ነው። ለዴሊጌት፣ ለሴናተር፣ ለገቨርነር የሚመርጠው ዜጋ ብቻ ነው፣ እና ግሪን ካርድ ይዞ በስህተት የተመዘገበ ሰው በኋላ የዜግነት ፎርም ሲሞላ ጣጣ ውስጥ ሊገባ ስለሚችል እባካችሁ ሁለቱን አታደባልቁ።

እሺ፣ አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ መሪዎቹ። እኛ አገር ፓርላማ ስንል አፈ ጉባኤ ማለት መዶሻ የሚመታ፣ "የተከበሩ አቶ እገሌ" እያለ ዕድል የሚሰጥ ሰው ነው የሚታየን፣ ትልቁ ሥልጣን ያለው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋ ነው፣ እሱንም ፓርላማው ነው የሚሰይመው። እዚህ ገቨርነሩን ሕዝቡ ለብቻው ይመርጠዋል፣ አሴምብሊው አይሰይመውም፣ አያወርደውምም ኢምፒችመንት ካልመጣ በቀር። ስለዚህ አሴምብሊው ውስጥ ዋናው ሰው ገቨርነሩ አይደለም፣ አሴምብሊው ራሱ የሚመርጣቸው ሁለት ሰዎች ናቸው፦ የሴኔቱ ፕሬዚደንትና የሃውሱ ስፒከር። ብዙ ስቴት ውስጥ ሴኔቱን የሚመራው ምክትል ገቨርነሩ ነው፣ ሜሪላንድ ግን እንደዛ አይደለም፣ ምክትል ገቨርነሯ አሩና ሚለር ሴኔት ውስጥ መዶሻ የላትም።

እነዚህ ሁለት ሰዎች የሚያደርጉት ምንድነው? ማን የትኛው ኮሚቴ ላይ እንደሚቀመጥ እነሱ ይመድባሉ፣ የኮሚቴ ሰብሳቢ እነሱ ይሾማሉ፣ አንድ ረቂቅ ሕግ ሲመጣ ወደ የትኛው ኮሚቴ እንደሚሄድ እነሱ ይመራሉ። በቃ፣ ሌላ ምን ቀረ? ከነሱ በታች ሲያስፈልግ የሚተኳቸው ፕሬዚደንት ፕሮ ቴምና ስፒከር ፕሮ ቴም አሉ፣ የየፓርቲው ማጆሪቲ ሊደርና ማይኖሪቲ ሊደር አሉ፣ ድምጽ የሚቆጥሩና ሰው የሚሰበስቡ ዊፖች አሉ፣ ግን ክብደቱ ሁለቱ ላይ ነው።

ክብደቱን ለማየት አንድ ሰው ይበቃል። ቶማስ ማይክ ሚለር የሴኔቱ ፕሬዚደንት የሆነው ጃንዋሪ 1987 ነው፣ በዛው ዓመት እኛ ጋ ኢሕዲሪ ታወጀ። ደርግ ወደቀ፣ ኢሕአዴግ ገባ፣ ኢሕአዴግም ፈረሰ፣ ሚለር ግን እዛው ወንበር ላይ ነው። የወረደው ታሞ በጃንዋሪ 2020 ነው፣ በአሜሪካ የስቴት ሴኔቶች ታሪክ እንደሱ ረጅም ጊዜ ፕሬዚደንት ሆኖ የቆየ የለም። የተካው ቢል ፈርጉሰን የባልቲሞር አስተማሪ የነበረ፣ በ2010 ገና በሃያዎቹ ዕድሜው የቆየ ሴናተር አሸንፎ የገባ ሰው ነው።

የሃውሱ ታሪክ ደግሞ ፊልም ነው። ስፒከሩ ማይክል ቡሽ ከ2003 ጀምሮ የቆየ ሰው፣ ኤፕሪል 2019 ላይ ሴሽኑ ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው ሞተ። ዴሞክራቶቹ ለሁለት ተከፈሉ፣ ግማሹ ማጊ ማኪንቶሽ ይላል፣ ግማሹ ዴሬክ ዴቪስ ይላል። አንደኛዋ ብታሸንፍ በግልጽ ጌይ መሆኗን የተናገረች የመጀመሪያዋ ስፒከር ልትሆን፣ ሌላኛው ቢያሸንፍ የመጀመሪያው ጥቁር ስፒከር ሊሆን። ነገሩን ያከረረው ደግሞ ሪፐብሊካኖቹ ናቸው፣ ቁጥራቸው ትንሽ ቢሆንም ዴሞክራት ከተሰነጠቀ ሚዛን ሊደፉ ይችላሉ፣ እና ድምጻቸውን ጠቅለው ለዴቪስ ሊሰጡ ተዘጋጁ። ሜይ 1 ቀን ዴሞክራቶቹ በር ዘግተው ሰዓታት ተሟገቱ፣ ማንም ማንንም ማሸነፍ አልቻለም። ሲወጡ ይዘው የወጡት ስም የሁለቱም አልነበረም፣ ኤድሪን ጆንስ ነበር፣ ከውድድሩ ቀደም ብላ የወጣች ሴት። ያን ቀን ሃውሱ በሙሉ ድምጽ መረጣት፣ የመጀመሪያዋ ሴትና የመጀመሪያዋ ጥቁር ስፒከር ሆነች። የኛ ሽማግሌዎች ሁለት ወገን አልታረቅ ሲል ሦስተኛ ሰው የሚያመጡት ነገር እዚህም አለ ማለት ነው።

ጆንስ እስከ ዲሴምበር 2025 መራች። ከዛ ከስፒከርነቷ ወረደችና ጆሰሊን ፔኛ ሜልኒክ ተመረጠች፣ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ የተወለደች፣ ኮሌጅ ፓርክ አካባቢን ለዓመታት የወከለች፣ የጤና ጉዳይ ኮሚቴ ሰብሳቢ የነበረች። ስደተኛ ናት። ልጆቻችሁ "እኛ እዚህ ምን እንሆናለን" ሲሏችሁ የምትጠቅሱት ስም ከፈለጋችሁ ቅርብ አለ፣ ሩቅ አትሂዱ።

የሴኔት ፕሬዚደንትነት ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ ኦክቶበር 2025 ላይ ታየ። ቴክሳስ ውስጥ ሪፐብሊካኖች የኮንግረስ ዲስትሪክቶችን ካርታ፣ አዲስ ቆጠራ ሳይጠብቁ፣ ለራሳቸው እንዲመች ሲቀይሩ ዴሞክራት ስቴቶችም እኛም በዛው እንመልስ አሉ፣ ገቨርነር ዌስ ሙርም ሜሪላንድ ውስጥ ይታይ ብሎ ገፋ። ፈርጉሰን የራሱ ፓርቲ ሰው ሆኖ፣ ሴኔቱ ይሄን አይዝም ብሎ ለአባሎቹ ደብዳቤ ጻፈ። ገቨርነሩ ይፈልጋል፣ የዋሽንግተን ትልልቅ ዴሞክራቶች ይፈልጋሉ፣ ግን ምን ለውይይት ይቅረብ ምን አይቅረብ የሚለውን በር የያዘው አንድ ሰው ነው። ጥሩ አደረገ መጥፎ አደረገ የሚለውን ለእናንተ ልተወው፣ እኔ የምለው በሩን እዩት ነው።

ከሱ በታች ያሉት ትንንሽ በሮች ኮሚቴዎቹ ናቸው፣ እና ለኛ ኑሮ እነሱ ይበልጥ ይቀርባሉ። በአንድ ሴሽን ከሁለት ሺህ በላይ ቢል፣ ማለት ረቂቅ ሕግ፣ ይገባል፣ በ90 ቀን ውስጥ። 188 ሰው ሁሉንም ማንበብ አይችልም፣ ማንም አይችልም። ስለዚህ ቢሉ ለኮሚቴ ይሰጣል፣ ኮሚቴው ሂሪንግ ያደርጋል፣ ሰው መጥቶ የሚመሰክርበት ማለት ነው፣ ከዛ ድምጽ ሰጥቶ ወደ ትልቁ አዳራሽ ይልከዋል ወይም አይልከውም። የሴኔት ኮሚቴ አስራ አንድ አካባቢ ሰው ነው፣ አስቡት፣ ስድስት ሰው ከተስማማ ያልፋል፣ ካልተስማማ የስድስት ሚሊዮን ሰው ጉዳይ እዛው ይቀራል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ቢል በድምጽ አይወድቅም፣ ሰብሳቢው ድምጽ አያሰጥበትም፣ በቃ። መሳቢያ ውስጥ ገባ ይላሉ። ማንም "እምቢ" ብሎ እጁን አላወጣ፣ ማንም ተጠያቂ የለ፣ ኤፕሪል ሲመጣ ይሞታል።

ለምሳሌ አከራይ ያለ በቂ ምክንያት ውል አላድስም ብሎ ተከራይ እንዳያስወጣ ካውንቲዎች ሕግ እንዲያወጡ የሚፈቅደው ቢል። ለዓመታት እየተመላለሰ ቀርቧል፣ በ2024 ሃውሱን አልፎ ነበር፣ ሴኔት ገብቶ ጁዲሻል ፕሮሲዲንግስ የሚባለው ኮሚቴ ውስጥ ቀረ።

እኔም አንዴ በቤት ኪራይ ጉዳይ ልመሰክር ሄጄ አውቃለሁ። ያኔ የምኖርበት ሕንጻ አሳንሰሩ ለወራት ተበላሽቶ ስለነበር ተናድጄ ነው የሄድኩት። መጀመሪያ ኢንተርኔት ላይ መመዝገብ አለብህ፣ የተወሰነ ቀን ካለፈህ አይቀበልም። ሂሪንጉ በሀበሻ ሰባት ሰዓት ይጀምራል ተባለ፣ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ። አጀንዳው ላይ ብዙ ቢል አለ፣ የኛው መቼ እንደሚደርስ ማንም አያውቅም፣ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ሰው፣ ሎቢስቱ በሱፍ፣ እኛ በጃኬት። ስሜ ሲጠራ ጨልሟል። ሁለት ደቂቃ ሰጡኝ፣ መብራቱ ቢጫ ሲሆን ተደናግጬ ያዘጋጀሁትን ግማሹን ረሳሁት። አንዷ ዴሊጌት ግን "ስንተኛ ፎቅ ነው የምትኖረው?" ብላ ጠየቀችኝ፣ ሰባተኛ አልኳት፣ ጻፈችው። ያቺ ጥያቄ ናት የቀረችልኝ። ከኮቪድ በኋላ ደግሞ በቪዲዮ መመስከርም ይቻላል፣ እኔ ሳላውቅ ነው የነዳሁት።

የሄዳችሁ ቀን ግን ጊዜ ካላችሁ ስቴት ሃውሱን ግቡበት፣ ነጻ ነው። ግንባታው በ1772 ተጀምሮ እስከ ዛሬ ሕግ የሚወጣበት፣ በአሜሪካ ካሉት ሁሉ ሳያቋርጥ ረጅም ጊዜ ያገለገለ የስቴት ምክር ቤት ነው። ጆርጅ ዋሽንግተን ዲሴምበር 23 ቀን 1783 የጦር አዛዥነቱን መልሶ ያስረከበው እዛ አሮጌው የሴኔት አዳራሽ ውስጥ ነው። ከ2020 ጀምሮ ደግሞ የሃሪየት ተብማንና የፍሬድሪክ ዳግላስ ሐውልት ቆሟል፣ ሁለቱም እዚሁ ሜሪላንድ በባርነት ተወልደው ያመለጡ ሰዎች ናቸው።

ቁጥሩ ላይ ልመለስ፣ ምክንያቱም አንድ የምወደው ተንኮል አለ። ሜሪላንድ ውስጥ ሕግ ለማለፍ ከተገኙት ሰዎች ግማሽ በላይ አይበቃም፣ ከጠቅላላው አባል ግማሽ በላይ ነው የሚያስፈልገው፣ ሴኔት ውስጥ 24፣ ሃውስ ውስጥ 71። እንበል 40 ሴናተር ተገኘ፣ 23 ደገፈ፣ 17 ተቃወመ። በሌላ ቦታ አለፈ ይባል ነበር። እዚህ ወደቀ። ቤቱ ተኝቶ የቀረው ሴናተር "አልደግፍም" ብሎ ድምጽ እንደሰጠ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ ዴሊጌታችሁን "እንዴት ድምጽ ሰጠህ" ብቻ ሳይሆን "ነበርክ ወይ" ብላችሁም ጠይቁት።

ገቨርነሩ ቪቶ ካደረገ፣ ማለት ያለፈውን ሕግ ከከለከለ ደግሞ፣ ለመሻር ከአምስት ሦስት እጅ ያስፈልጋል፣ ይሄም 29 ሴናተርና 85 ዴሊጌት ነው። ከ2022 ምርጫ ዴሞክራቶች ይዘው የወጡት 34 ሴናተርና 102 ዴሊጌት ነው፣ ሪፐብሊካኖች 13 እና 39። ሂሳቡን እናንተ አስሉት፣ አንድ ሪፐብሊካን ሳይለምኑ ቪቶ መሻር ይችላሉ። ሪፐብሊካኑ ገቨርነር ላሪ ሆገን ይሄን ቀምሶታል፣ ብሉፕሪንት የሚባለውን ትልቁን የትምህርት ሕግ በ2020 ቪቶ አድርጎ በ2021 አሴምብሊው ሻረበት። አንድ ገደብ ግን አለ፣ በመሃል ምርጫ ተደርጎ አዲስ አሴምብሊ ከገባ የድሮው አሴምብሊ ያወጣውን፣ ቪቶ የተደረገውን ሕግ አንስቶ መሻር አይችልም። ስለዚህ የምርጫው ዓመት ላይ ሴሽን ሲያልቅ ገቨርነሩ እስክሪብቶው ይረዝማል።

በጀት ለብቻው ሕግ አለው። ገቨርነሩ ያቀርባል፣ ለረጅም ዘመን አሴምብሊው መቀነስ እንጂ መጨመር አይችልም ነበር፣ እንዲህ ዓይነት ጠንካራ የገቨርነር ሥልጣን ያለው ስቴት ብርቅ ነው ይባል ነበር። በ2020 ሕዝቡ ሕገ መንግሥቱን በድምጽ አሻሻለ፣ አሁን ከአንዱ ቀንሰው ወደ ሌላው ማዛወርና መጨመር ይችላሉ፣ ድምሩ ብቻ ገቨርነሩ ካቀረበው እንዳይበልጥ። እና የበጀቱን ቢል አንዴ ካጸደቁት ገቨርነሩ ቢሉን በሙሉ ቪቶ ማድረግ አይችልም። ሌላ ቢል ሁሉ ቢሞት ማንም አያለቅስ ይሆናል፣ በጀቱ ግን የግድ ነው። በዘጠናኛው ቀን እኩለ ሌሊት ላይ ያላለፈው ሁሉ ይሞታል፣ ሳይኒ ዳይ ይሉታል ያን ሌሊት፣ ሰዓቱ ሲሞላ ቁርጥራጭ ወረቀት ከላይ ይበተናል፣ የሠርግ ቤት ይመስላል።

አሁን እኔን ያናደደኝ ነገር። አንድ አባል በመሃል ሲለቅ፣ ሲሞት ወይም ሌላ ሥራ ሲያገኝ ምን ይሆናል? ምርጫ ይደረጋል ብለን እናስባለን። አይ፣ ሲሠራበት የኖረው መንገድ ሌላ ነው። የለቀቀው ሰው ፓርቲ በዛ ካውንቲ ያለው ሴንትራል ኮሚቴ ስም ይልካል፣ ገቨርነሩ ያንን ሰው ይሾማል። ሴንትራል ኮሚቴ ማለት አንድ አዳራሽ የማይሞሉ፣ ብዙዎቻችን ስማቸውን የማናውቃቸው የፓርቲ ሰዎች ናቸው። የኔው ሰፈር ምሳሌ ይሁን፣ ዲስትሪክት 20፣ ሲልቨር ስፕሪንግና ታኮማ ፓርክ። ሴናተሩ ጄሚ ራስኪን በ2016 ለኮንግረስ ተመረጠ፣ የሴኔት ወንበሩ ባዶ ሆነ። ዴሊጌት የነበረው ዊል ስሚዝ በዚህ መንገድ ተሾሞ ሴናተር ሆነ። የሱ የዴሊጌት ወንበር ደግሞ ባዶ ሆነ፣ ጃኔል ዊልኪንስ በ2017 መጀመሪያ በዛው መንገድ ተሾመች። አንድ ሰው ወደ ዲሲ ሲሄድ ከአራቱ ወንበራችን ሁለቱ ያለ ሕዝብ ድምጽ ተሞሉ። ሁለቱም በ2018 ቆመው በሕዝብ ተመርጠዋል፣ ስሚዝም በ2020 ያንን ጁዲሻል ፕሮሲዲንግስ ያልኳችሁን ኮሚቴ ሰብሳቢነት ይዟል፣ ሰዎቹ ላይ ምንም የለኝም። ግን ወንበር ላይ ተቀምጦ መወዳደርና ከውጭ ቆሞ መወዳደር አንድ አይደለም፣ ስሙን ሁሉም ያውቀዋል፣ ቢሮ አለው። ይሄ አሰራር ይቀየር የሚል ክርክር ለዓመታት አለ።

እና ሴንትራል ኮሚቴውን ማን ይመርጠዋል? ፕራይመሪ ላይ፣ ማለት ፓርቲዎቹ ዕጩ በሚመርጡበት ቅድመ ምርጫ፣ የፓርቲው አባል ሆኖ የተመዘገበ ሰው። ሜሪላንድ ፕራይመሪዋ ዝግ ነው። ሀበሻ ደግሞ ፓርቲ የሚለው ቃል ራሱ ያስደነግጠዋል፣ ካገራችን ይዘነው የመጣነው ነገር አለ፣ ስለዚህ ሲመዘገብ "የምንም ፓርቲ አባል አይደለሁም" የሚለውን ይሞላል። መብቱ ነው። ግን እኛ ሰፈር ዴሞክራት ፕራይመሪን ያሸነፈ ኖቬምበር ላይ ማሸነፉ የታወቀ ስለሆነ፣ ያ ሰው ዋናው ምርጫ ሲያልቅ ነው የሚደርሰው። እትዬም እንደዛ ነበር የተመዘገቡት።

አሴምብሊው ሕግ ከማውጣት ሌላ ሰውም ይመርጣል። የስቴቱን ገንዘብ ያዥ፣ ትሬዠረሩን፣ ሁለቱ ምክር ቤት አንድ ላይ ሆነው ይመርጣሉ፣ ያ በ2019 ስፒከርነት ያመለጠው ዴሬክ ዴቪስ በ2021 መጨረሻ በዚህ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ከዛም በላይ፣ ገቨርነር የመረጡበት ጊዜ አለ። ስፓይሮ አግኒው የሜሪላንድ ገቨርነር ሆኖ ሳለ የኒክሰን ምክትል ሆኖ ወደ ዋሽንግተን ሲሄድ፣ ያኔ ሜሪላንድ ምክትል ገቨርነር የሚባል ነገር አልነበራትም፣ ስለዚህ ጃንዋሪ 1969 ላይ አሴምብሊው ተሰብስቦ የራሱን ስፒከር ማርቪን ማንደልን ገቨርነር አድርጎ መረጠው። በሚቀጥለው ዓመት ሕገ መንግሥቱን አሻሽለው የምክትል ገቨርነር ወንበር ፈጠሩ።

ይሄን ሁሉ ለእትዬ ባለፈው ቡና ላይ ነገርኳቸው፣ እስከ በረካው ድረስ። ስለ ማንደል ምንም አልመሰላቸውም፣ ስለ ሳይኒ ዳይ ሳቁ። ከዛ ወረቀትና እስክሪብቶ አምጣ አሉኝ፣ አራቱን ስም በአማርኛ አስጻፉኝ፣ ከየስሙ አጠገብ ደግሞ የትኛው ኮሚቴ ላይ እንዳለ አስጨመሩኝ፣ አጣጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። በሳምንቱ እሳቸው ቤት ስገባ ፍሪጁ ላይ በማግኔት ተለጥፏል፣ ከአንደኛው ስም ሥር በራሳቸው እጅ ጽሑፍ "አሳንሰር" ብለው ጨምረውበታል።